በሐዋሳ የኩዊርና የትራንስ ሰዎች መደጋገፊያ እንዴት ይጀመራል? ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ላይ ኩዊር (ለምሳሌ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር) ወይም ትራንስ (ሲወለድ ከተባለለት ጾታ የተለየ) ሆኖ የሚኖር ሰው ሲከፋው ገብቶ የሚቀመጥበት ማዕከል የለም። ያለን እርስ በርሳችን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአራት አምስት ሰው የማይበልጥ፣ የሚተማመን፣ ድምፁን ያጠፋ ክበብ እንዴት እንደሚጀመር ይናገራል። ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ከሐኪም፣ ከጠበቃና ከውጭ ድርጅቶች ጋር እንዴት እንደሚያገናኛችሁ ያሳያል።

ትልቅ ግሩፕ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሁለት መቶ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ዛቻው ሲበዛ፣ በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ፖሊስ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ተናገረ። እንዲህ ያለ ሰሞን ሲመጣ የሚያስፈልጋችሁ በሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኩታችሁ የምትገቡበት አንድ ቤት ነው።

ሐሳቡ ሌላ ቦታም ተሞክሯል። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ኪንድረድ የሚባል ኅብረት «ሂሊንግ ጀስቲስ» የሚለውን አካሄድ አስፋፋ። ጥቁር ኩዊር ሴቶች ከፊት ሆነው ነው የመሩት። ቁስሉ ከግፍ የመጣ ከሆነ ፈውሱን ለተጎጂው ብቻ ትቶ መሄድ አይገባም፤ ምግቡም፣ ኪራዩም፣ ጸሎቱም የጋራ ነው ይላሉ። እድርና ማኅበር ላሳደገን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀብር ድንኳን መትከል የሚችል ሕዝብ በሕይወት ያለውንም ሰው ማቆም ይችላል።

ሕጉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ በቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 630 ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ በጣም ከባድ ሲሆን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ማዘን፣ ቡና መጠጣት፣ ጓደኛን ማጽናናት እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ይህን ማወቅ ፍርሃትን በልኩ ያደርገዋል። ጥንቃቄውን ግን አትቀንሱ። ሰፈር የሚፈርደው በወሬ ነው።

ሕገ መንግሥቱንም እወቁት። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 21 ከጠበቃ፣ ከሐኪም፣ ከዘመድና ከጓደኛ ጋር የመገናኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 26 ስልክና ደብዳቤን ጨምሮ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በተግባር እነዚህ መብቶች ሁልጊዜ ይከበራሉ ማለት አይደለም። ቢሆንም በድንጋጤ ሰዓት አንድ የሚያዝ ነገር ይሰጣሉ። «ጠበቃ ሳላገኝ አልናገርም» የምትለውን አረፍተ ነገር ተለማመዷት። የአንድ ጠበቃና የአንድ የቅርብ ሰው ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ስልክ ሲወሰድ ኮንታክቱም አብሮ ይሄዳል።

ሰው ስትመርጡ አትቸኩሉ

ሐዋሳ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ሁሉም ይተዋወቃል። የባጃጁ ሾፌር የአከራያችሁ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። ግቢ ውስጥ ያያችሁት ልጅ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ስትበሉ ከፊታችሁ ይቀመጣል።

ስለዚህ መለኪያችሁ አንድ ይሁን፦ ያ ሰው የሌላውን ሚስጥር እንዴት ነው የሚይዘው? ገና በተዋወቃችሁ ማግስት «እገሌም እኮ ዜጋ ነው» (ኩዊር ነው ለማለት) ብሎ የሚነግራችሁ ሰው፣ በሌላው ቀን የእናንተንም ስም ለሌላ ያወራል። ልቡ ደግ ሊሆን ይችላል። ጓደኛ አድርጉት፤ ክበቡ ውስጥ ግን አታስገቡት።

በአፕ የተዋወቃችሁትን ሰው ከመገናኘታችሁ በፊት በቪዲዮ አውሩት። ወጥመድ የሚዘረጉ ሰዎች ፊታቸውን ማሳየት አይወዱም። የመጀመሪያው ቀጠሮ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። የፍቅር ሐይቅ ዳር ወይም ፒያሳ ያለ ካፌ ጥሩ ነው። የእናንተም የእሱም ቤት አይሁን። የት እንደሄዳችሁ አንድ ጓደኛ ይወቅ፤ በተባለው ሰዓትም ይደውል። ፊት የሚታይበት የራቁት ፎቶ ለማንም፣ ለምትወዱትም ቢሆን አትላኩ።

አምስት ከሞላችሁ በኋላ ስድስተኛ ሰው ሲመጣ እሱ ሌላ ክበብ እንዲጀምር እርዱት። ሁለቱን ክበቦች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይኑር። በአንዱ ላይ ችግር ቢመጣ ሌላው ይተርፋል።

ስልካችሁን አስተካክሉ

የተለመደው የቴሌግራም ቻት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። እንዲህ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ ግሩፑ አይቆለፍም። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዩዘርኔም መነጋገር ስለሚቻል ቁጥራችሁን መስጠት አያስፈልጋችሁም። መልእክቱ በአንድ ቀን ራሱን እንዲያጠፋ አድርጉት። የክበቡ ስም ለማንም ዓይን የማይገባ ተራ ስም ይሁን።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ኮንታክታችሁን እንዳያነቡ ከልክሉ። ካልከለከላችሁ የምትደብቁት አካውንት ለአጎታችሁ «ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች» ተብሎ ይቀርባል። ስልኩ በጣት አሻራ ሳይሆን በረጅም ቁጥር ይከፈት፤ ጣት በግድ ይያዛል። በአፖች ላይ ርቀት የሚያሳየውን አጥፉ።

ቡናው

ከሁሉም በላይ ልናገርበት የምፈልገው ይህ ነው። አራት ሰው ቡና ከቦ ቢቀመጥ «ምን እየሠራችሁ ነው?» የሚል ጎረቤት የለም። ስለዚህ ለእኛ የተሰበሰበ ሸንጎ አያስፈልገንም። ጀበና ይበቃል።

ቤቱን በጥንቃቄ ምረጡ። አከራይ ግቢው ውስጥ የማይኖርበት ቤት ከተገኘ ጥሩ ነው። ሰርቪስ ቤት ከሆነ ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል፤ ራዲዮ ወይም ሙዚቃ ለስለስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይበቃል፤ ቀኑን ግን አቀያይሩት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ የአንዳችሁ ዘመድ ሳይጠራ ሊመጣ ይችላልና በዚያ ሰሞን ይለፋችሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ እየሠሩ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩ ሴቶች ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚሆኑበት ሰዓት የላቸውም። እነሱ በጠዋት ታቦር ተራራን እየወጡ ያውሩ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተያይቶ ከማውራት ይቀላል፤ ያፈረ ሰው ዓይን የሚሸሽበት ቦታ ያገኛል።

ሦስቱን ዙር ለሦስት ነገር ተጠቀሙባቸው።

በአቦል እያንዳንዱ ሰው ሳምንቱ እንዴት እንደነበረ በአጭሩ ይናገራል። ማንም መልስ አይሰጥም፤ አስተያየትም የለም። «ደህና ነኝ» ማለትም ይቻላል። ዝም የሚል ሰው ካለ ስኒውን ይዞ ዝም ይበል።

ቶና ላይ አንድ ሰው ብቻ የከበደውን ያወጣል። ሌላው ይሰማል። ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ምክር ነው የምትፈልጊው ወይስ እንድንሰማሽ ብቻ?» ይህች ጥያቄ ብዙ ጠብ ታስቀራለች። እንበል ከመካከላችሁ የአንዷ እናት ከይርጋለም ደውላ «ሽማግሌ ሊልኩብን ነው፣ ምን ልበላቸው?» አለቻት። የሁላችንም የመጀመሪያ መልስ «እምቢ በያ!» ነው። ግን እምቢታ ዋጋ አለው። የቤት ኪራዩን ወንድሟ ከሆነ የሚከፍልላት ነገ የት ትገባለች? ስለዚህ ጠይቋት። መልሱ እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው? ከቤተሰቡ ቃሏን የሚሰማላት አክስት ወይም ታላቅ እህት አለች? «ትምህርቴን ልጨርስ» ብትል ምን ያህል ጊዜ ያስገኝላታል? ያኔ ልጅቷ ብቻዋን ከነበረችበት ጭንቀት ወጥታ ማሰብ ትጀምራለች።

በረካ የሚቀጥለው ሳምንት ናት። ትንሽ፣ የሚሠራ ነገር ተካፈሉ። አንዱ ሐሙስ ይደውልላት። ሌላው ለእናቷ የምትለውን አብሯት ይለማመድ። ትልቅ ቃል አትግቡ። «ሁሌም አለንልሽ» ከሚል ሰው ሐሙስ የደወለ ይበልጣል።

እዚያ የተነገረ እዚያ ይቀራል። በሕመም አንወዳደርም፤ «የኔ ይብሳል» አይባልም። የተደፈረ ወይም የተደበደበ ሰው ዝርዝሩን እንዲናገር አይጠየቅም፤ ራሱ ከፈለገ ብቻ ይናገራል። አንዱ ላይ ሥራው ሁሉ እንዳይወድቅ ቡና የሚያፈላውም በየተራ ይሁን።

ሰውነት ሲንቀጠቀጥ

አንዳንዴ ቶና ላይ የተናገረው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። አትደናገጡ። ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ያሳርፍ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ያስገባ፣ ካስገባበት ጊዜ አስረዝሞ በአፍ ያውጣ። ከዚያ የሚያየውን አምስት ነገር፣ የሚዳስሰውን አራት፣ የሚሰማውን ሦስት፣ የሚያሸተውን ሁለት፣ የሚቀምሰውን አንድ ይጥራ። የዕጣኑ ሽታና የቡናው ጣዕም እዚያው አለ። ሰውነትን ከትዝታው ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ሳትጠይቁ ሰው አትዳስሱ፤ ማቀፍ ለአንዳንዱ ያስፈራዋል።

ከመካከላችሁ ለትራንስ ሰው

መጀመሪያ ጠይቁ፦ በምን ስም እንጥራሽ ወይም እንጥራህ? ቀጥሎ ሁለተኛውንም ጠይቁ፦ ውጭ ስንሆንስ? ቤት ውስጥ «አንቺ» የተባለች ልጅ ገበያ ላይ «አንተ» መባልን ለደኅንነቷ ልትመርጥ ትችላለች። ምርጫው የእሷ ነው። ስትሳሳቱ አስተካክላችሁ ቀጥሉ፤ ረጅም ይቅርታ ሸክሙን መልሶ እሷ ላይ ይጭናል።

ስለ ሆርሞን በግልጽ ልናገር። ከፋርማሲ የወሊድ መከላከያ ክኒን ገዝቶ ብዙ ብዙ መዋጥ አደገኛ ነው። አብዛኛው ክኒን ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል፤ ሲጋራ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። እየወሰዳችሁ ያላችሁ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ክኒን እየዋጣችሁ መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ምክንያቱን መናገር ግድ አይደለም። ደረታቸውን የሚያስሩ ደግሞ በፋሻ ወይም በፕላስተር አይሰሩ። ጠበብ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ ይሻላል። ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ታስሮም አይተኛ።

ባለሙያ ስትፈልጉ

ክበብ ሐኪምን አይተካም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ መጠጥ ወይም ጫት ከቁጥጥር ከወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ስትሄዱ ስለ ማንነታችሁ አትጀምሩ። «ጭንቀት አለብኝ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላችሁ ጀምሩ። ለዚህ ሕክምና መስጠት ይቻላል። ከዚያ ሰውየውን ፈትኑት፦ «ዶክተር፣ እኔ የምነግርዎት ለቤተሰቤ ይነገራል? ካርዴ ላይ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ስለ ሌላ ሰው አስመስላችሁ ጠይቁ፦ «አንድ የማውቀው ልጅ ወንድ ይወዳል፣ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ያዩታል?» ፊቱን ተመልከቱ። «ሊታከም ይችላል» ካለ ስለ እንቅልፋችሁ ብቻ አውርታችሁ ውጡ።

የማይታከመው በሽታ ስላልሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀርን ከበሽታ ዝርዝሩ አውጥቶታል። ትራንስ መሆንንም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው አዲስ ዝርዝር ከአእምሮ ሕመም ክፍል አስወጥቶታል። ይህን በወረቀት ይዛችሁ መሄድ አይጠበቅባችሁም። በልባችሁ ያዙት።

ስለ ጸበልና ስለ ጸሎት

ብዙዎቻችን ቤተሰብ ጸበል ወስዶናል፤ ወይም የእጅ መጫን ፕሮግራም ላይ ቆመናል። ከመካከላችን አሁንም አምኖ የሚጾምና የሚያስቀድስ፣ በየቀኑ የሚሰግድ አለ። እምነቱን እንዲተው አትጫኑት። ጸሎት የሚያሳርፈው ከሆነ በረካ ላይ አብራችሁ ጸልዩ። ግን ገደብ አለ። የሚያስር፣ የሚመታ፣ ምግብ የሚከለክል ወይም የጀመራችሁትን መድኃኒት የሚያስጥል ሁሉ ፈውስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለአንድ ቀንም እንዳያቋርጥ በክበቡ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው ይኑር። ጸበል ሊወሰድ ያለ ሰው የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለአንዳችሁ አስቀድሞ ይንገር።

አደጋ ሲመጣ

መሞት የሚፈልግ የመሰላችሁ ሰው ካለ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ያሳርፈዋል። አዎ ካለ ብቻውን አታስቀሩት። ሊጎዳበት የሚችል ነገር፣ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ጭምር፣ ከቤቱ አውጡ። አብራችሁት እደሩ፤ ጠዋት ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ። ዕቅድና ቀን ካለው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም አዳሬ ሆስፒታልም ድንገተኛ ክፍል አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የተደፈረ ሰው ሰዓት ይቆጠርበታል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ማርገዝ ለሚችል ሰው የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል። ማን እንደደፈረ፣ እናንተ ማንን እንደምትወዱ ሳትናገሩ መድኃኒቱን መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ከክበቡ አብሮ ይሂድ፤ ወረፋው ብቻ ሰውን ይሰብራል።

«ገንዘብ ካልላክህ ለቤተሰብህ እናገራለሁ» የሚል ሰው ከመጣ መጀመሪያ አትመልሱ። መልእክቱን ስክሪንሾት አንስታችሁ በሌላ ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ። አንዴ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ይጠየቃል። አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል ራሱ ወንጀል ነው፤ ግን ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። ፎቶ ከሆነ የያዘው «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም፤ የሚላከው ከእሱ የተሠራ ቁጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያንን ቁጥር ተጠቅመው ፎቶው እንዳይለጠፍ ያግዳሉ።

መዋጮው

ከቤት የተባረረ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያድርበት ቦታና የትራንስፖርት ብር ነው። ሁላችሁም እንደ አቅማችሁ በየወሩ አዋጡ። የሌለው አይክፈል፤ ሥራ ሲያገኝ ይክፈል። ብሩ በጥሬው አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይወቅ። በቴሌብር ስትልኩ ሙሉ ስም ይወጣል፤ ምክንያቱ ላይ ምንም አትጻፉ። የስም ዝርዝር በወረቀት አይያዝ። መዋጮው ለሦስት ነገር ብቻ ይውል ብላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ፦ ለማደሪያ፣ ለሕክምና፣ ለመንገድ። በብር የተጣላ ክበብ ሚስጥሩንም ይበትናል።

ከሐዋሳ ውጭ ያሉ እጆች

ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ በኢትዮጵያውያን ኩዊርና ትራንስ ሰዎች የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ በአማርኛ የሚያወራችሁ ሰው ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ወደዚያ ጻፉ። አክሰስ ናው ለተሟጋቾችና ለጋዜጠኞች የዲጂታል ደኅንነት እርዳታ በነፃ፣ በሃያ አራት ሰዓት ይሰጣል። ሬንቦ ሬልሮድ አደጋ ላይ ያሉ ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ያግዛል፤ መቀመጫው ቶሮንቶ ነው። ጥያቄው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ መልስ ሊዘገይ ይችላል። ማንም ደላላ «በእነሱ በኩል እወስድሃለሁ፣ ብር ክፈል» ቢላችሁ ሌባ ነው።

ናይሮቢ መሄድ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የኬንያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 162 እስከ 14 ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ አውቃችሁ፣ እዚያ የሚቀበላችሁ ሰው አግኝታችሁ፣ የመመለሻ ብር ይዛችሁ ሂዱ።

አሜሪካ ያለ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልን። እዚያ ጥቁርም ስደተኛም ኩዊርም ሆኖ መኖር የራሱ ብቸኝነት አለው፤ የሐበሻው ቤተ ክርስቲያን በአንድ በኩል፣ የነጮቹ ባር በሌላ በኩል። ናሽናል ኩዊር ኤንድ ትራንስ ቴራፒስትስ ኦፍ ከለር ኔትወርክ የሚባለውን ኤሪካ ዉድላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 አቋቁሞታል። ነጭ ላልሆኑ ኩዊርና ትራንስ ሰዎች እንደ እነሱ ያሉ ቴራፒስቶችን የሚፈልጉበት ዝርዝር አለው። ትራንስ ላይፍላይን ደግሞ በትራንስ ሰዎች የሚመራ የስልክ መስመር ነው፤ የሚሠራው በአሜሪካና በካናዳ ነው። ከሐዋሳ ሆናችሁ ቁጥሩን አትሞክሩት። እዚያ ያለው ዘመዳችሁ ግን መደወል ይችላል፤ ሊንኩን በሲግናል ላኩለት።